የነዳውን አወቅነው፤ የጠገነውስ?

ስለ መኪና የተጻፈ የአገራችን ታሪክ በእጄ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የማገኘው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ ባልተጠረገበት በረሃና ተራራ መኪናውን ሲነዳም ሲያስጎትትም አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩበት ይለናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እነሮልስ ሮይስን፣ እነመርሴዲስን ያሰልፉ እንደነበር ይነግረናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከቤተ መንግሥት ሲያወጣቸው ደግሞ በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ ወንበር መቀመጣቸውን ያስታውሰናል። ይህቺን ቮልስ ሳያነሳ የሚያልፍ የአብዮቱ ተራኪ ጥቂት ነው። እውነትም ምስሉ ከአእምሮ አይጠፋም።

ታዲያ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያቺ ቮልስ ንጉሠ ነገሥት ጭና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አላለችም። ካንዴላዋን የጠረገ፣ ፍሬኗን ያየ፣ ዘይቷን የቀየረ ሰው ነበር ማለት ነው። እሱን ማን ጻፈው? ተሳፋሪውን እናውቃለን፤ በር ከፍተው “ግቡ” ያሉትን መኮንኖች እንፈልጋለን፤ በማለዳ ሞተሯን የሰማት ሰው ግን ታሪክ ውስጥ ወንበር አላገኘም።

የመኪና ታሪካችን የባለቤቶች ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። እኔ ደግሞ የጠጋኞች ታሪክ ነው ባይ ነኝ። መለዋወጫ በባሕርና በውጭ ምንዛሪ በሚመጣበት አገር አንድ መኪና 60 ዓመት የሚኖረው ባለቤቱ ስለ ወደደው አይደለም። ባለቤቶች ይሾማሉ፣ ይሻራሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ይሞታሉ። መኪናው የሚቆየው በየዘመኑ አንድ ሰው ጀርባውን መሬት ላይ አንጥፎ ሥሩ ስለሚገባ ነው።

ይህን የምለው መጽሐፍ አገላብጬ ብቻ አይደለም። መቀሌ፣ ዓይደር፣ ግቢዬ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራች አንዲት ቮልስ ተበታትና አለች። በ2011 ዓ.ም. ነው ከአንድ ጡረተኛ ቤተሰብ የገዛኋት። ዓመታት ከቆመችበት ግቢ በገመድ ተጎትታ ስትመጣ የኋላ ወንበሯ የዶሮ መተኛ ሆኖ ነበር። ጋራዥ ልወስዳት አስቤ ነበር፤ ቤት ውስጥ እናድሳት ያሉኝ የሠፈራችን አዛውንት ባትላሜራ ናቸው። እኛ “አቦይ” ነው የምንላቸው። ጋራዥ የሄደ አሮጌ መኪና ወረፋ ይጠብቃል፣ ዕቃው ይቀላቀላል፣ ከዚያ ባለቤቱ ይሰለቻል፤ ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን ቢያንስ በየቀኑ እያየኸው ታፍራለህ ብለው ነው። ልክ ናቸው።

አውሮፓና አሜሪካ አሮጌ መኪና ቤት ወስዶ ማደስ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የስፖርት መኪና ነው፤ ጃጓር፣ አልፋ ሮሜዮ፣ ፖርሽ። ጡረታ የወጣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ጋራዡ ውስጥ ይዘጋና አምስት ስድስት ዓመት ሲፈታ ሲገጥም ይከርማል። ይህን የሚያውቅ አንድ ወዳጄ “የስፖርት መኪናህስ እንዴት ዋለች?” እያለ ይቀልድብኛል። ቀልዱን አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያው ፖርሽ 356 ሲሠራ ሞተሩም ካምቢዮውም የተወሰደው ከቮልስ ነው። ቮልሷን የነደፈው አባትዬው ፈርዲናንድ ፖርሽ፣ የስፖርት መኪናውን ያሠራው ልጁ ፌሪ ፖርሽ ነው። ከጎረቤታችን ከኬንያ ጋር ስሙ የሚነሳውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊም እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ይህችው ጥንዚዛ መሳይ መኪና ናት። እና የእኔዋ የስፖርት መኪና አይደለችም ያለው ማን ነው?

ቮልስ ራሷ በጠጋኝ እጅ የተረፈች መሆኗን የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለኝም። “የሕዝብ መኪና” ተብላ የታዘዘችው በሂትለር መንግሥት ነው። ፋብሪካው ለሕዝቡ ሳያደርሳት ጦርነት መጣና የወታደር ተሽከርካሪ ማምረቻ ሆነ፤ በግዳጅ የተጋዙ ሰዎችም ይሠሩበት ነበር። ከዚያ በቦምብ ተመታ። ጀርመን እጇን ስትሰጥ አካባቢው በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። በነሐሴ 1945 (እ.ኤ.አ.) አይቫን ኸርስት የሚባል ሻለቃ ወደዚያ ተላከ። ሰውዬው የጦር አዛዥ አልነበረም፤ የእንግሊዝ ጦር የጥገና ክፍል መኮንን ነበር። ጣሪያው በፈረሰ ፋብሪካ ውስጥ የሠራዊቱን ተሽከርካሪዎች የሚያስጠግን ወርክሾፕ አቋቋመ። አንዲት ቮልስ አግኝቶ አረንጓዴ ቀለም አስቀባና ለበላዮቹ አሳየ። 20,000 እንዲሠራ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመረቱ። ንድፏ የመሐንዲስ፣ ትእዛዟ የአምባገነን ቢሆንም ነፍስ የዘራባት ጠጋኝ ነው።

ወደ ግቢዬ ልመለስ። አቦይ ከእኔ ጋር የሚያወሩት ትግርኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ነው። መኪናዋ ሥር ሲገቡ ግን ሦስተኛ ቋንቋ ይጨመርበታል። “ካቻቢቴውን አቀብለኝ። ፒንሳው የት ገባ? ዳዶውን አላላው። ብሎኑ ጥርሱን በልቷል። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ፓራውልቱን አውርደው።” ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ስለዚህ “ኮፈን ክፈት” ሲሉኝ የትኛውን እንደሆነ ጠይቄ ነው የምከፍተው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ጎማ፣ ናፍጣ። መንገድ ትራንስፖርት ስንሄድ እንኳ የምንጠየቀው ታርጋና ቦሎ ነው። ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ አሁን የእኛ ናቸው።

እንዴት የእኛ ሆኑ? የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ ጥቅምት 28 ቀን መቀሌ ገባ። ያ ጦርነት ለእኛ የመርዝ ጋዝና የአውሮፕላን ጦርነት ነው፤ ነገር ግን የካሚዮንም ጦርነት ነበር። ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው ከደሴ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነው። ያን ሁሉ ብረት በአቀበቱና በጭቃው ለማንቀሳቀስ መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ላይ ለሚሰበረው ደግሞ ወርክሾፕ ያስፈልጋል። ከአሥመራ በመቀሌና በአምባላጌ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወርደው መንገድ የተሠራው ለእኛ ታስቦ አይደለም፤ ወርክሾፑም ለእኛ አልተከፈተም። የአገሬው ልጅ እዚያ የገባው ዕቃ ሊሸከም፣ ብሎን በናፍጣ ሊያጥብ፣ ክሪክ ሊይዝ ነው። ማንዋል አላነበበም፤ የሚያነብለትም አልነበረም። ጣሊያኑ “ካቻቪቴ” ብሎ ሲጮህ ካላቀበለ ጥፊ አለ። ስለዚህ ቃሉን በጆሮው ያዘ፣ ሥራውን በዓይኑ ሰረቀ።

በግንቦት 1933 ዓ.ም. የአኦስታው መስፍን ከመቀሌ በስተደቡብ አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ። ጦሩ ሄደ፤ ካቻቢቴው ቀረ። ከቀሩት ጣሊያኖች አንዳንዶቹ ጋራዥ ከፈቱ፤ ረዳት የነበረው ልጅም ዋና ሠራተኛ ሆነ፣ እሱም በተራው ረዳት ያዘ። አቦይ ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው አሥመራ ሄደው ከእንዲህ ዓይነት ጋራዥ ነው። ቃላቱን ስንመለከት ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ ይታያል። “ባቲላሚዬራ” ለአፍ ሲከብድ ቀጥቅጠው ባትላሜራ አደረጉት። “ካቻቪቴ” ካቻቢቴ ሆነ። “ቡሎኔ” ብሎን ሆነ። ላሜራ እንደሚያቃኑ ሁሉ ቃሉንም አቃንተው ገጠሙት። አምስት ዓመት የቆየ ወራሪ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ሊያስተምረን አልቻለም፤ የጋራዥ ልጅ ግን የሚፈልገውን ያህል ቆርጦ ወሰደ። ይህ የተገዛ ሰው ታሪክ ነው ወይስ የማረከ ሰው? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

አሮጌ መኪና ሲታደስ ከሁሉ የሚያደክመው ቀለሙን መፋቅ ነው፤ ከሁሉ የሚያስተምረውም እሱ ነው። የእኔዋ ስትመጣ ነጭ ነበረች። በብርጭቆ ወረቀት ስናሻት ከነጩ ሥር ቡኒ ወጣ፣ ከቡኒው ሥር ግራጫ፣ ከሁሉ በታች ከፋብሪካ የወጣችበት ውኃ ሰማያዊ። ሊብሬዋ ላይ የባለቤት ስም አራት ጊዜ ተለዋውጧል፤ ቀለሙና ስሙ ሲቆጠር እኩል ነው። አዲስ ባለቤት ሲመጣ አዲስ ቀለም ይቀባል። ብራና ፍቀው በላዩ ሌላ ድርሰት እንደሚጽፉ የድሮ ጸሐፊዎች ማለት ነው።

ቀለሙ የባለቤቶቹን ተራ ይናገራል። ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ግን የጠጋኞቹን ነው የሚናገረው። አቦይ ጣታቸውን አስኪደው ብቻ “ይሄን በጋዝ የበየደው የጥንት ሰው ነው፤ እጁ ጥሩ ነበር” ይላሉ። ሌላ ቦታ ደርሰው ፊታቸው ይኮሳተራል። “ይሄኛው ቸኩሏል።” በሩ ላይ ያለው ሥራ የሠለጠነ ነው፤ መዶሻው የት እንዳረፈ አይታወቅም። የፊት ወለሏ የተለበጠው ከበርሜል በተቆረጠ ላሜራ ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ፣ ለቀረጥ ከሚከፈለው ይልቅ ዕቃው ራሱ ሲታጣ፣ በርሜል የማይሆነው ነገር አልነበረም። ባልዲ ይሆናል፣ ምጣድ መክደኛ ይሆናል፣ የመኪና ወለል ይሆናል። የሞተሯ ፒስተን የእሷ አይደለም፤ ከሌላ መኪና የመጣ፣ በቶርኖ ተሞርዶ ልኳ የሆነ ነው። መሐንዲስ ቢያየው ይደነግጣል። ሠርቶ ግን ዓመታት ነድቷታል።

መቀሌ ደግሞ የራሷ ችግር አላት። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሰጣት መኪና እዚህ 27 ገደማ ናት ማለት ነው። ቤንዚኑ እንደ ቆላ ከተለቀቀላት ታፍና ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ይህን አቦይ በቁጥር አያውቁትም፤ በጆሮ ግን ያውቁታል። ካርቡራተሩን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያጠብቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ትንሽ ይመልሳሉ። “አሁን ተነፈሰች” ይላሉ።

ከኋላ ወንበሯ ሥር፣ ባትሪው በሚቀመጥበት ቦታ፣ ያገኘነው ነገር ግን ከሁለታችንም ጋር ክርክር አስነሳ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል፤ የታወቀ በሽታዋ ነው። የእኔዋ እዚያ ቦታ ላይ በቀጭን ቆርቆሮ ተለጥፋለች። ስቱኮውን ስናነሳው ቆርቆሮው ላይ የፈረንጅ ፊደል ወጣ። የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነበር። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዕድሜው ለደረሰ የትግራይ ሰው ያ ቆርቆሮ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ዘይቱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ጣሳው ውኃ መቅጃ ሆኗል፣ ኩራዝ ሆኗል፣ እህል መስፈሪያ ሆኗል። አንዱ ደግሞ በሆነ ሰው እጅ ተዘርግቶ፣ በመቀስ ተቆርጦ፣ በሚስማር ተመትቶ የቮልስ ወለል ሆኗል።

እኔ ይቆይ አልኩ። ምክንያት ነበረኝ። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው “የቱሪን ቻርተር” የሚባል ሰነድ አለ። ፊያት የተወለደባት ቱሪን መሆኗ ነው። ሰነዱ አሮጌ መኪናን እንደ ሐውልትና እንደ ቤተ መቅደስ የባህል ቅርስ አድርጎ ያየዋል። ማደስ ማለት አዲስ ማስመሰል አይደለም ይላል፤ መኪናው በአገልግሎት ዘመኑ የደረሰበት ለውጥም የታሪኩ አካል ነውና በዘፈቀደ አይፋቅም፤ አዲስ የገባ ዕቃ ካለ እንዲታወቅ ምልክት ይደረግበታል። ይህንን ለአቦይ ተርጉሜ ነገርኳቸው።

አቦይ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። “ወደይ፣” አሉ፣ “ይሄን የሠራ ሰው ላሜራ አጥቶ ነው እንጂ ሙያ አጥቶ አይደለም። ሚስማሮቹን እያቸው፤ እኩል እኩል ነው የመታቸው። እጁ የሚያውቅ ሰው ነው። ችግር ያሠራውን ሥራ ‘ይሄ ያንተ ነው’ ብለህ ለሰው ብታሳይበት ደስ ይለዋል? እሱ ቢኖር እኮ በመጀመሪያ የሚነቅለው ይሄንን ነበር።”

ይህንን ቻርተሩ ውስጥ አላገኘሁትም። ቅርስ ጠባቂ ዕቃውን ይጠብቃል፤ አቦይ የሚጠብቁት የሠሪውን ክብር ነው። ችግርን መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ጎብኚ ማስጎብኘት ቀላል ነው። እዚያ ችግር ውስጥ ሆኖ እኩል እኩል የመታውን እጅ ማሳየት ግን ከባድ ነው። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ዝገቱ ከሥሩ እየበላ ስለነበር ቆርቆሮው ተነቀለ፤ ወለሉ በደህና ላሜራ ተበየደ፤ አዲሱ ላሜራ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በነጥብ ተመታበት። ቆርቆሮው ከነሚስማሩ ታጥቦ፣ ጀርባው ላይ የት እንደነበረና እንዴት እንደተሠራ ተጽፎበት እኔ ዘንድ ተቀምጧል። አቦይ ራሳቸው ናቸው እያሉኝ የጻፍኩት። “ጥሩ ባትላሜራ የሠራው፣ በክፉ ጊዜ” በል አሉኝ።

ዓይደርን የሚያውቅ ሰው ይህ ክርክር ለምን እንደከበደኝ ይገባዋል። ሠፈራችን በሌላው አገር ስሟ የታወቀው በመቁሰል ነው። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች የዓይደር ትምህርት ቤትንና አካባቢውን በቦምብ ሲመቱ ከ50 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናት ነበሩባቸው። አሥር ዓመት ቆይቶ ስሟ ከመጠገን ጋር ተነሳ፤ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የዓይደር ሆስፒታል ከክልሉ ሁሉ ሕመምተኛ የሚመጣበት ቦታ ሆነ። ከዚያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ከሰኔ 2013 በኋላ ባንኩ፣ ስልኩ፣ መብራቱ፣ ነዳጁ ተቋረጠ። ሐኪሞቹ መድኃኒት አለቀ ብለው ለዓለም የተናገሩት ከዚያው ከሠፈራችን ሆስፒታል ሆነው ነው።

ቮልሷ ያን ጊዜ ተፈታታ፣ ብሎኖቿ በሳልሳ ጣሳ ተለይተው ግቢ ውስጥ ነበረች። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ እንደ ሽቶ ሲሸጥ አየን። የከተማው መኪና ቆሞ ጋሪና ብስክሌት መንገዱን ወረሰው። መኪና ሲቆም መካኒክ ሥራ ይፈታል ብሎ የሚያስብ ቢኖር የአቦይን ግቢ ማየት ነበረበት። የወፍጮ ኩሽኔታ ይመጣል፣ የውኃ ፓምፕ ይመጣል፣ የጋሪ ጎማ ይመጣል፣ የታማሚ መግፊያ ወንበር ይመጣል። ገንዘብ ባንክ ውስጥ ስለተዘጋበት አንዱ በጤፍ ይከፍላል፣ ሌላው በምስጋና። የቮልሷን ባትሪ እኛ ቤት አስገብተን ከጎረቤት ጋር በሶላር እየሞላን መብራት አበራንበት። ያልታደሰች መኪና በዚያ ክረምት ከታደሰ መኪና የበለጠ ጠቀመችን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ ባትሪው ወደ ቦታው እስኪመለስ ግን ብዙ ወራት ፈጀ።

በዚያ ጊዜ ከተማዋን ያቆማት ማነው ብለን ብንጽፍ፣ እንደ ልማዳችን የመሪዎችን ስም እንደረድራለን። የወፍጮውን ኩሽኔታ ከጋሪ ብረት አውጥቶ ልኩን ያደረገው ሰው እንደገና ከታሪክ ይወድቃል ማለት ነው። “ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል” ይባላል። የእኛ የታሪክ አያያዝ ከዚህ ቦታ ተቀዷል።

አሁን ይህ ሙያ በሁለት በኩል እየተገፋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የከበደ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። ሁለቱንም አልቃወምም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ፣ መብራት ግን ከራሷ ወንዝ የምታወጣ አገር ይህን ብታስብ አይፈረድባትም፤ የአሮጌ መኪና ጭስም የሚመሰገን አይደለም። ነገር ግን አዲሱ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ካርቡራተር የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ሲታመም የሚመረመረው በኮምፒውተር ነው። ዕቃው ሲሄድ ቃሉም ይሄዳል፤ ቃሉን የሚያውቀው ጆሮም ይሄዳል። አቦይ ከረዳቶቻቸው መካከል ካርቡራተር በጆሮ የሚያስተካክል አንድ ብቻ እንደቀረ ይናገራሉ። እሱም አሁን የሚሠራው ባጃጅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌ መኪና ሁሉ ይታደስ አልልም፤ ያ የገንዘብና የዕብደት ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም ለሁሉ አይሰጥም። ነገር ግን ወጪ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ወር ወደየሠፈሩ አዛውንት መካኒክ ይላኩና ይጠይቁ፣ ይቅረጹ፣ ይጻፉ። ከማን ተማሩ? መለዋወጫ ሲጠፋ በምን ተኩት? ይህ ዕቃ በእናንተ አፍ ምን ይባላል? የቋንቋ ትምህርት ክፍሎችም ይምጡ፤ በትግርኛና በአማርኛ ጋራዦች ውስጥ ያሉት ቃላት ለብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃሉ። በየጋራዡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ፎቶ ካለ ከጀርባው የሰዎቹ ስም ይጻፍ።

ሌላም አለ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ታድሶ የተመረቀው የአዲስ አበባው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን መኪኖች ለሕዝብ አሳይቷል። ጥሩ ተደርጓል፤ ሄዶ ያየ ሰው ያደንቃል። መኪናው ፊት ለፊት በሚቆመው ሰሌዳ ላይ የፋብሪካው ስም፣ የሥሪት ዘመኑና የተሳፈረበት ሰው ይጻፋል፤ ይህ የሙዚየም ወግ ነው። እኔ አንድ መስመር እንዲጨመር እለምናለሁ፦ የቤተ መንግሥቱ ጋራዥ ሠራተኞች ስም። ደመወዝ ይበሉ የነበሩ ሰዎች ናቸውና የሆነ መዝገብ ላይ ተጽፈው ይሆናል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ትኬት ቆርጠው ገብተው የአባታቸውን ስም ከሮልስ ሮይሱ አጠገብ ቢያነቡ የንጉሡ ክብር አይቀንስም።

የእኔዋ ቮልስ እስካሁን ቀለም አልተቀባችም። አቦይ ጉልበታቸው ስለደከመ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጡት፤ የሚመጣው ወጣት ረዳታቸው ሲሠራ እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ውኃ ሰማያዊው ይመለስ ወይስ ነጩ ይቆይ የሚለውን ገና አልወሰንም። የወሰንነው አንድ ነገር ነው። ሊብሬዋ ውስጥ የባለቤቶቹ ስም በሚጻፍበት ገጽ ትይዩ አንድ ወረቀት አስገብተናል፤ የሠሯት ሰዎች ዝርዝር ነው። ስማቸውን የደረስንበትን በስማቸው፣ ያልደረስንበትን በሥራቸው ጽፈናል፦ በሩን ያቃናው፣ ወለሉን በበርሜል የለበጠው፣ ፒስተኑን በቶርኖ የሞረደው፣ ቆርቆሮውን የመታው። ስምንት ሰው ሆነዋል። ባለቤቶቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ከእኔ ጋር አምስት።